ልቤ ጤነኛ ከሆነ ታዲያ ይህ ምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው አዳማ ነው፤ የምተዳደረውም በሒሳብ ሠራተኛነት ነው። ከስምንት ወር በፊት፣ እናቴ ባረፈች በሦስተኛው ወር፣ ከሥራ ወደ ቤት በታክሲ ስመለስ ልቤ በድንገት ከደረቴ የሚወጣ እስኪመስለኝ ድረስ ይመታ ጀመር። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ላብ በላብ ሆንኩ፤ የምሞት መሰለኝ። ሆስፒታል ስደርስ ግን ለቆኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሶብኛል። ሦስት ጊዜ የልብ ምርመራ አድርጌ ሦስቱንም ጊዜ «ጤነኛ ነሽ» ተባልኩ። አሁን ታክሲ መሳፈር ትቻለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም ከሰው ርቄ በር አጠገብ ነው የምቆመው፤ ለቅሶ ቤትም ብዙ መቀመጥ አልችልም። ቤተሰቤ «ነርቭ ነው» ይላል፤ ታላቅ እህቴ ጠበል እንድጠመቅ ትመክረኛለች። ጎረቤቴ የሰጠችኝን ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ ክኒንም አልፎ አልፎ እውጣለሁ። ልቤ ጤነኛ ከሆነ ታዲያ ይህ ምንድን ነው? ወይስ ላብድ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእናትዎን ነፍስ ይማር፤ ለእርስዎም መጽናናትን ይስጥዎት። የዘረዘሯቸው ምልክቶች ሐኪሞች ፓኒክ ዲስኦርደር ከሚሉት፣ በአማርኛም ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ልንለው ከምንችለው የጭንቀት ሕመም ጋር በእጅጉ ይመሳሰላሉ። በደብዳቤ ብቻ ሕመምዎ ይህ ነው ብሎ መደምደም ስለማይቻል፣ የምጽፍልዎ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ምን እንደሚጠይቁና ምን እንደሚጠብቁ አውቀው እንዲሄዱ ነው።

የሚሰማዎት ነገር እውነተኛ የሰውነት ክስተት እንጂ የሐሳብ ፈጠራ አይደለም። ሰውነታችን አደጋ ሲያይ ለመሸሽ ወይም ለመታገል እንዲዘጋጅ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ያን ጊዜ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ይመጣል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽም ይጣደፋል። ትንፋሽ ሲጣደፍ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ጣት ይደነዝዛል፣ ራስም ያዞራል። በእርስዎ ላይ የደረሰው ይኸው ዝግጅት አደጋ በሌለበት መነሣቱ ነው። ይህ የፍርሃት ማዕበል በአብዛኛው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከፍታው ላይ ደርሶ ከዚያ መውረድ ይጀምራል፤ ሆስፒታል ሲደርሱ ለቅቆዎት የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። «ጤነኛ ነሽ» ብሎ ማሰናበት፣ ይህን አብሮ ካላስረዳ፣ ግማሽ መልስ ነው፤ በዚህ ረገድ እኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ታማሚውን ከነጥያቄው ወደ ቤቱ እንሸኘዋለን። ጉዳዩ አዲስም አይደለም፦ ጄኮብ ዳ ኮስታ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1871 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ልባቸው የሚመታባቸው፣ ደረታቸውን የሚያማቸውና ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ሲመረመሩ ግን የልብ በሽታ ያልተገኘባቸውን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች ሁኔታ ጽፎ አሳትሟል።

የልብ ምርመራ ማድረግዎ ተገቢ ነበር። የልብ ምት መዛባት፣ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የደም ማነስና አስም ተመሳሳይ ስሜት ስለሚያመጡ፣ የታይሮይድና የደም ምርመራ ካላደረጉ አንድ ጊዜ ያድርጉ። ደረጃ ሲወጡ ወይም ሸክም ሲያነሡ የሚጀምር፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ የደረት ሕመም ከመጣ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። እንዲህ ያለ አዲስ ምልክት ሳይኖር ግን አራተኛና አምስተኛ የልብ ምርመራ አይፈልጉ፤ ምርመራው የሚሰጠው እፎይታ ለጥቂት ቀናት ይቆይና ጥርጣሬው ተመልሶ ይመጣል።

ከደብዳቤዎ ሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ታክሲውን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ለቅሶ ቤቱን መሸሽዎ ነው። ሐኪሞች ሕመሙን የሚለዩት በማዕበሉ መደጋገም ብቻ ሳይሆን፣ «ዳግም ይመጣብኝ ይሆን?» የሚለው ሥጋት ወይም እሱን ለማምለጥ ሲባል የሚደረገው የአኗኗር ለውጥ አንድ ወርና ከዚያ በላይ መቆየቱን በማየት ነው። በሸሹ ቁጥር ለጊዜው ይቀልልዎታል፤ አእምሮዎ ግን «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያስፈራው ቦታ ይበዛል፣ የሚኖሩበት ዓለም ይጠባል።

ሕክምናውም የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ በየሳምንቱ ለጥቂት ወራት በሚሰጠው የንግግር ሕክምና የልብ ምትን «የሞት ምልክት» አድርጎ የሚተረጉመውን ሐሳብ ከእርስዎ ጋር ይመረምራል፤ ከዚያም ወደሸሿቸው ቦታዎች ደረጃ በደረጃ ይመልስዎታል። ለምሳሌ መጀመሪያ ሰው በማይበዛበት ሰዓት አንድ ፌርማታ ብቻ ይሳፈራሉ፤ ፍርሃቱ ሲነሣም ዘለው ሳይወርዱ፣ ትንፋሽዎን በዝግታ እየለቀቁ፣ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ይጠብቁታል። ይህንንም ሳይለምዱ ወደ ሁለተኛው ፌርማታ አያልፉም። ቀላል ነው አልልዎትም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በእርግጥ ይከብዳሉ። ነገር ግን ፍርሃቱ ጣራ ነክቶ እንደሚወርድ ሰውነትዎ የሚማረው በዚህ መንገድ ነው።

መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪሙ እንደ ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ያለውን በአነስተኛ መጠን ሊጀምርልዎ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ትንሽ ሊያባብሰው፣ ማቅለሽለሽም ሊያመጣ ስለሚችል ብዙ ሰው በሳምንቱ ያቋርጠዋል፤ ጥቅሙ ግን መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከተሻለዎትም በኋላ ቢያንስ ለስድስት ወር መቀጠልና ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ ይገባዋል። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ አስቀድመው ይንገሩት።

ዲያዜፓሙን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፦ የጎረቤት መድኃኒት አይውሰዱ። ቶሎ ያረጋጋል፤ ነገር ግን ሱስ ያስይዛል፣ ከአልኮል መጠጥ ጋር ሲገናኝ አደገኛ ይሆናል፣ «ያለ ክኒን አልችልም» የሚለውንም ሐሳብ ያጠነክራል። በየቀኑ ለሳምንታት ወስደውት ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ አያቁሙት፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንስዎት። ቡናውንም ቢሆን ከአቦል እስከ በረካ ሳይሆን በአንድ ስኒ ይወስኑት፤ ቡናም ሆነ ጫት ልብን ስለሚያስመታ ማዕበሉን ሊቀሰቅሰው ይችላል።

እህትዎ ጠበል መምከራቸው ከፍቅር ነው፤ እምነትዎ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም። መጾምና መጠመቅ ይችላሉ፤ የጠቀስኳቸው መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ ስለሚወሰዱ ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ሰዓቱን ከጾምዎ ጋር ማስማማት አይከብድም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለጠበሉ ብለው መድኃኒቱን አያቋርጡ።

ላብድ ነው ወይ ላሉትም፣ አይደለም። ይህ ሕመም ወደ እብደት አይለወጥም። በአገራችን «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ራሱ ሰውን ስለሚያሸማቅቅ ብዙዎች የአእምሮ ሐኪም ፊት ሳይቀርቡ ዓመታት ያልፋሉ፤ እርስዎ ግን በከተማዎ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል መኖሩን ጠይቀው ሊጀምሩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ በቤት ሠራተኛነት ከሄደችበት የዓረብ አገር ከተመለሰች አምስት ወር ሆናት። ሌሊት እየጮኸች ትባንናለች፣ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፣ ስለዚያ ስንጠይቃት ተነሥታ ትወጣለች። እንዴት እናውጣጣት?

መልስ፦ አታውጣጧት። ከከባድ በደል ወይም አደጋ በኋላ ቅዠት፣ መባነን፣ ዘወትር በሥጋት መጠበቅና የሚያስታውስን ነገር ሁሉ መሸሽ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ፣ ድኅረ አደጋ ጭንቀት የሚባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሊያያት ይገባል። ሕክምናው ያለፈችበትን በባለሙያ እጅ፣ በራሷ ፍጥነት እንድትናገረው የሚያደርግ ነው፤ ቤተሰብ በጥያቄ ሲያጣድፋት ግን ቁስሉ ይብሳል። መሞትን የምትመኝ ከሆነ ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ ብቻዋንም አትሁን። እስከዚያው ሌሊት ስትባንን መብራት ያብሩላት፤ ሳይነኳት በስሟ ይጥሯትና እቤቷ፣ ከእናንተ ጋር መሆኗን ይንገሯት።