ቸርኬውን ከጀርባው እዪው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። የጻፈችልኝ እህት ቪትዝ አላት። ደሴ እየኖረች በየቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች። ካናዳ ያለው ወንድሟ «እዚህ ክረምት ሲመጣ ብዙ ሰው የብረት ቸርኬ ነው የሚያስገባው» ይላታል። ቸርኬ ማለት ጎማው የሚገጠምበት ክቡ አካል ነው። እሷም ሰኔ ላይ የአሉሚኒየሙን አስወልቃ አሮጌ የብረት ቸርኬ አስገጠመች። አሁን ከ60 እስከ 70 ስትነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል። የኋላው ግራ ጎማ በየሳምንቱ ይተነፍሳል። ልትቀይረው ስትል ደግሞ ቸርኬውን የሚያስሩት ዳዶዎች ተፈትተው ቸርኬው አልወጣ አላት። «ተሸወድኩ ወይ?» ትላለች።

አብሽሪ እህቴ፣ አልተሸወድሽም። ግን የወንድምሽ ክረምትና የእኛ ክረምት ለየቅል ናቸው። እነሱ ጋ በረዶው እንዲቀልጥ አስፋልቱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው የአሉሚኒየሙን መልክ ያበላሻል። ስለዚህ የበረዶ ጎማቸውን ረከስ ባለ የብረት ቸርኬ ላይ አስረው ያስቀምጡና ወቅቱ ሲደርስ ይቀይራሉ። ደሴ ላይ ጨው የሚበተነው ወጥ ውስጥ ነው። የእኛ ጣጣ ውሃ የሞላ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ አይታይም። እዚያ ውስጥ ዘው ስትዪ ብረት ይጎብጣል፣ አሉሚኒየም ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠርዙ የጎበጠ ብረት ይቃናል። የተሰነጠቀ ግን ብረትም ይሁን አሉሚኒየም አበይደው ቢሰጡኝ እኔ ሐረጎን አልወርድበትም።

ወደ መንቀጥቀጡ እንምጣ። ለባላንስ፣ ማለትም የጎማውን ክብደት ዙሪያውን እኩል ለማስደረግ፣ ከመክፈልሽ በፊት ጎማውን አውልቂና ከጀርባ እዪው። የብረት ቸርኬ ውስጡ ጎድጓዳ ነው፤ ጭቃ ያቁራል። አንድ ደንበኛ ከገራዶ መጥቶ «መሪው ሊገነጠል ነው» አለኝ። ሳወልቀው ከቸርኬው ሆድ በአንድ በኩል ብቻ እፍኝ ሙሉ ደረቅ ጭቃ በካቻቢቴ ፈልፍዬ አወጣሁ። ውሃ ደፋሁበት፣ መልሼ አሰርኩ፣ በቃ። ሰውዬው ቅር ሳይለው አልቀረም፤ ትልቅ ብልሽት ጠብቆ ነበር። ታጥቦም ከተንቀጠቀጠ ጎማውን በክሪክ አንሺው። ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ እንጨት አስጠግተሽ ጎማውን በእጅ አሽከርክሪ። ክፍተቱ ሰፋ ጠበብ ካለ ጎብጧል። እኩል ከሆነ ባላንስ አሠሪ። መሪው የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ስትይዢ ብቻ ከሆነ ግን ወደ እኔ አትምጪ፤ የፍሬን ባለሙያ ጋ ሂጂ።

አልወጣ ያለው በዝገት ነው። የቸርኬው መሐል ቀዳዳ ሞዞው ላይ፣ ማለትም ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው አካል ላይ፣ ተጣብቋል። በክሪክ የቆመ መኪና ሥር ገብተሽ እንዳትቀጠቅጪው። ዳዶዎቹን መልሺ፣ በእጅ እስኪያዙ አጥብቂና ግማሽ ዙር መልሰሽ ፍቺያቸው። መኪናውን ከክሪክ አውርጂ። ሜዳ ላይ በጣም በቀስታ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ነድተሽ ፍሬን ንኪ። ቋ ይላል። ከዚያ ሞዞውንና የቸርኬውን ጀርባ በሽቦ ብሩሽ ጥረጊ። የመሐሉ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ብቻ ስስ ግሪስ ቀቢ። ብሎኑን ግሪስ አታስነኪው፤ ዳዶው ሲጠብቅ ከልክ በላይ ይስበዋል።

የሚያስፈራኝ ግን ያልጠየቅሽኝ ነገር ነው። ዳዶዎቹስ የማን ናቸው? አንዳንድ የቶዮታ አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶው ሥሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ሮንዴላ አለው። የብረቱ ቸርኬ የሚፈልገው ጫፉ ሾጣጣ የሆነውን ነው። ጠፍጣፋውን ብረት ላይ ካሰርሽ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልተቀመጠም። ሌላው ቀለም ነው። አሮጌ ቸርኬ ሲሸጥ እንዲያምር ሙልጭ ተደርጎ ይቀባል፤ ዳዶው የሚቀመጥበት ሳይቀር። ወፍራም ቀለም ከዳዶው ሥር ይደቅና ዳዶው ይላላል። እዚያ ቦታና ሞዞ የሚነካው ጀርባ ላይ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቀሽ አንሺው። በብሎኖቹ ቀዳዳዎች መሐል ቀጭን የዝገት መስመር ካየሽ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀ ከሆነ ቸርኬው ለቁራሌው ነው።

የሚተነፍሰውን ጎማ ጠርዙን ዙሪያውን የሳሙና አረፋ አስነኪው። አረፋው እዚያ ከነፋ አብዛኛውን ጊዜ ዝገት ነው። ጎማው ይውለቅ፣ የቸርኬው ጠርዝ እስኪያብለጨልጭ ይፈተግ፣ ጸረ ዝገት ስስ ተደርጎ ይቀባ፣ በደንብ ይድረቅ። «የውስጥ ጎማ ከትቼበት ልገላግልሽ» ቢሉሽ እሺ አትበዪ፤ ዝገቱ እዚያው ነው።

ስታስሪ በኮከብ ቅርጽ፣ ፊት ለፊት እያቀያየርሽ አጥብቂ። መለኪያ ያለው መፍቻ ካገኘሽ ለቪትዝ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ ኮምቦልቻ ደርሰሽ ተመለሺ፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ልክ የሚበቃ ርቀት። ማታ ጎማው ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን እንደገና ሞክሪያቸው። ታች እንደወረድሽ ወዲያው ላቫጆ አትግቢ፤ በሐረጎ ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል።

ስኮርታውንም፣ መጠባበቂያ ጎማውን፣ አውጪና ንፋሱን ለኪ። ቀጭኗ ከሆነች 60 ፒኤስአይ ትፈልጋለች፤ ጎኗ ላይ ተጽፏል።