መብረቅ ሳይቀድመን ከጣሪያ የምንወርደው መቼ ነው?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ቆርቆሮ የሚመቱ ሠራተኞችን አሠራለሁ። የስልኬ አፕ የዝናብ ዕድሉ 40 በመቶ ነው ይላል። አንዳንድ ቀን ጠብታ ሳይወርድ ይመሻል፤ ሌላ ቀን ሳናስበው መብረቁ አናታችን ላይ ይደርሳል። ሰዎቼን መቼ ላውርድ?»

ያ 40 በመቶ ጠዋት ሥራ ሲደለድሉ ይጠቅምዎታል። ጣሪያ ላይ ከተወጣ በኋላ ግን ደመናው የት ደረሰ፣ ወዴትስ እየሄደ ነው ለሚለው መልስ የለውም። እኔ ማማ ላይ አንቴና ገጣሚ ነኝ፤ የምወርደው በመቶኛ ሳይሆን በደቂቃ አስልቼ ነው።

በስልክዎ የራዳር ምስል (ዝናቡ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ) ይክፈቱና የዝናቡ የፊት ጠርዝ ከእርስዎ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ይያዙ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይዩት። በዚያ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር ከተጠጋ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየገሰገሰ ነው። አሁን 25 ኪሎ ሜትር ከቀረው 50 ደቂቃ ያለዎት ይመስላል። የለዎትም። የምስሉ ጥግ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ይመልከቱ፤ 10 ደቂቃ ያለፈበት ሊሆን ይችላል። መብረቅ ደግሞ ከዝናቡ 10 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ሊወድቅ ይችላል፤ በዚያ ፍጥነት ይህ ሌላ 20 ደቂቃ ይበላል። የተረፈዎት 20 ደቂቃ ነው። ሠራተኛው ያልተመታውን ቆርቆሮ አስሮ፣ ዕቃውን ሰብስቦ በመሰላል እስኪወርድ 15 ደቂቃ ከፈጀ፣ «ውረዱ» የሚሉት አሁኑኑ ነው። ይህን የመውረጃ ጊዜ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ሰዓት ይዘው ይለኩት፤ በግምት አይሆንም።

ራዳር በሌለበት ወይም ተራራ በሚከልለው ቦታ የመብረቅ ካርታና የሳተላይት ምስል ይጠቀሙ።

ስልኩ ባዶ ሲያሳይም ቀና ይበሉ። እኔ አብዝቼ የምፈራው እዚያው አጠገብ የሚወለደውን ደመና ነው። ጠርዙ እንደ አበባ ጎመን እየተከመረ ሽቅብ የሚያድግ ካዩ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይሰጥዎት ይችላል። አናቱ ጠፍጥፎ ወደ ጎን ከተዘረጋ በስሏል። ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ከመታዎት ከደመናው የወረደ አየር ደርሷል ማለት ነው፤ ያልታሰረ ቆርቆሮ የሚያነሳው ይኸው ነፋስ ነው።

ነጎድጓድ ከተሰማ ስሌት የለም፤ ይውረዱ። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ለ3 ሲያካፍሉ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያገኙታል፤ ይህ ግን ለመቆየት ሰበብ አይሁንዎት። መዶሻና ጄኔሬተር ድምፁን ስለሚውጡት፣ መሬት ላይ ሆኖ ሰማዩን የሚከታተል አንድ ሰው ይመድቡ። እሱ «ውረዱ» ሲል ማንም አይከራከረው።

መጠለያው ሕንፃ ውስጥ ወይም የብረት ጣሪያ ያለው፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው፤ ዛፍ ሥር፣ ድንኳን ውስጥ ወይም ስካፎልዲንግ ሥር አይሆንም። የሚመለሱት ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ በኋላ ነው። በ25ኛው ደቂቃ ላይ አንዴ ካጉረመረመ፣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።