መልስ፦ የንግድ ስሜ ተመዝግቧል፤ በዚያው ስም ቡና የሚያሽገውን ሰው ማስቆም እችላለሁ?

በንግድ ስም ምዝገባው ብቻ ሐረር ላይ በዚያው ስም ቡና አሽጎ የሚሸጠውን ሰው ማስቆም ይከብድሻል። ከድሬዳዋ ንግድ ቢሮ ያወጣሽው የንግድ ስም የሚለየው ነጋዴዋን ነው። ፓኬቱ ላይ ያለውን ስም የሚያስጠብቅልሽ የንግድ ምልክት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ባለቤትነቱ የሚገኘው የምልክቱ ሰርተፍኬት ሲሰጥሽ ነው።

1. ተመሳሳይ ምልክት ቀድሞ መመዝገቡን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አጣሪ። እስኪጣራ ድረስ አዲስ ፓኬት አታሳትሚ።

2. ስታመለክቺ ምድቡን፣ ማለትም ምልክቱ የሚጠበቅበትን የዕቃ ወይም የአገልግሎት ዓይነት ቁጥር፣ በትክክል ጻፊ። የተፈጨ ቡናና ቅመም ምድብ 30 ነው፤ የካፌ አገልግሎት ግን ምድብ 43። ካፌም ስላለሽ በ43 ብቻ ካስመዘገብሽ የታሸገው ቡናሽ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሁለቱንም ጠይቂ።

3. ማመልከቻው ምርመራውን ሲያልፍ ተቃውሞ ያለው ሰው እንዲያቀርብ በማስታወቂያ ይወጣል። ምዝገባው 7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ ይታደሳል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ የስምሽን ክብደት «ሐረር» በሚለው ቃል ላይ አትጣይው። የቦታ ስም የቡናውን መገኛ እንጂ ያንቺን ምርት አይለይም፤ በዚያ ላይ «ሐረር»ን የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ ለቡና በውጭ አገሮች በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦታል። ሌላ ነጋዴ የማይጠቀምበትን የራስሽን ቃል አስቀድሚ።