ጨብጥን በካልቸር ለምትከታተሉ ጀማሪዎች

በቅርቡ ማይክሮባዮሎጂ ክፍል ለገባችሁ፣

የጨብጥ ጀርም ያልተላመደው መድኃኒት ጥቂት ነው። ሰልፋን በ1940ዎቹ ረታው፣ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ይዞ በ1976 ብቅ አለ፣ አሜሪካም በ2007 ሲፕሮፍሎክሳሲንን ለጨብጥ ማዘዝ አቆመች (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አሁን ዋናው መመኪያ ሴፍትሪያክሶን ነው። እሱንም የሚቋቋም ዝርያ በ2009 ጃፓን ኪዮቶ ተገኝቷል።

የተለመደው የሞለኪውል ምርመራ ጨብጥ መኖሩን ያሳውቃል እንጂ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አይነግራችሁም። ለዚያ በካልቸር፣ ማለትም ናሙናውን ዘርቶ በማብቀል፣ የተገኘ ሕያው ጀርም ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ፈሳሽ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚታከመው በምልክቱ ስለሆነ ለካልቸር የሚደርሰው ናሙና ጥቂት ነው። የደረሰውን አትግደሉት።

ጥጥ ጀርሙን ስለሚጎዳው የዳክሮን ወይም የሬዮን ስዋብ ያዙ። ወንድ ታካሚ ከሸና ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ስዋቡም ሽንት ቧንቧው ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይግባና ይዙር። ጀርሙ የሚበቅልበትን ፕሌት ከፍሪጅ አውጥታችሁ ሳይሞቅ አትዝሩበት። ከተዘራ በኋላ ፍሪጅ መመለስማ መቅበር ነው! ከ35 እስከ 37 ዲግሪ፣ 5 በመቶ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። ጋዝ ያለው ኢንኩቤተር ከሌለ ክዳኑ ግጥም የሚል ማሰሮ ውስጥ ነጭ፣ ሽታ የሌለው ሻማ አብሩና ከታች የረጠበ ሶፍት አኑሩ። በ24 ሰዓት ምንም ካልበቀለ አትጣሉት፤ እስከ 72 ሰዓት ጠብቁ።

ኢ-ቴስት (ጀርሙን የሚያስቆመውን ትንሹን የመድኃኒት መጠን በስትሪፕ የሚለካ ምርመራ) ስትሠሩ ከታካሚው ጀርም ጎን ኤቲሲሲ 49226ን (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ የማነጻጸሪያ የጨብጥ ጀርም) አብራችሁ ዝሩ። የእሱ ውጤት ከተፈቀደው ክልል ከወጣ የዕለቱ የታካሚ ውጤት ሁሉ ይጣላል፤ ያማል፣ ግን ይጣላል። ጀርሙ የሚበጠበጥበት ፈሳሽ ድፍርስነት 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ይሁን። ወፍሮ ከተዘራ መድኃኒቱን የተላመደ ይመስላል። ስትሪፑ ላይ 0.19 ካነበባችሁ የምትጽፉት 0.25 ነው፣ ምክንያቱም ወደ ላይኛው ሙሉ እጥፍ (0.125፣ 0.25፣ 0.5 እያለ ከሚሄደው) ይጠጋጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከተመረመሩት ጀርሞች 5 በመቶው የተላመዱትን መድኃኒት ከመጀመሪያ ምርጫነት ማውጣትን ይመክራል። 20 ብቻ ከመረመራችሁ ግን አንዷ ጀርም ብቻዋን 5 በመቶ ናት። ታክመው ያልዳኑትን ብቻ ብታበቅሉ ደግሞ ቁጥሩ ያብጣል። በ1986 የተጀመረው የአሜሪካ ክትትል በየክሊኒኩ በየወሩ መጀመሪያ የመጡትን 25 ወንዶች ይወስድ የነበረው ሰው እየመረጠ እንዳይወስድ ነው። እናንተም ማን እንደሚገባ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ያልበቀሉትንም ቁጥር መዝግቡ።

ሴፍትሪያክሶን ላይ ከ0.25 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር በላይ ካገኛችሁ ደስታም ድንጋጤም አይቅደም። ንጽሕናውን፣ የጀርሙን ማንነት ለማረጋገጥ የሚረዱትን ኦክሲዴዙንና ግራም ስቴይኑን እንደገና አይታችሁ ምርመራውን ድገሙ፤ ለሐኪሙ ግን በዚያው ቀን ደውሉ። ጀርሙን 20 በመቶ ግሊሰሮል ባለው ብሮዝ፣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ላይ በሁለት ቱቦ አስቀምጡ። አንዱ ለማረጋገጫ ሲላክ ሌላው እናንተ ጋ ይቀራል።