የፕሮሰሰር ሙቀት፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

አራት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰሞኑን የሚመጣልኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ስሌት ስለሚሠራው ዋና ቺፕ፣ ሙቀት ነው። አንድ ማሽን ላይ ሁለት የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ሁለት ዓይነት ቁጥር ያሳያል፤ ሰው ይደነግጣል።

ጥያቄ፦ ኮር ቴምፕ 62 ዲግሪ ይለኛል፣ ኤችደብሊው ሞኒተር 81። የቱን ልመን?

መጀመሪያ የትኛውን ዓምድ እንዳየህ ንገረኝ፣ ወንድሜ። ኤችደብሊው ሞኒተር ሦስት ዓምድ አለው፦ የአሁኑ፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው። ብዙ ሰው ዓይኑ ከፍተኛው ላይ ያርፋል። እሱ ግን ፕሮግራሙ ከተከፈተ ወዲህ የተመዘገበ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የመስመሩን ስም እይ። አንዱ የአንድ ኮር (በቺፑ ውስጥ ካሉት የማስሊያ ክፍሎች የአንዱ)፣ ሌላው የጠቅላላ ቺፑን ሙቀት እያሳየህ ይሆናል። አንድ ዓይነቱን ከአንድ ዓይነቱ ጋር ካስተያየህ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ የቆየ ኮር 2 ዱዎ አለኝ። ትክክለኛውን መስመር አይቼም 15 ዲግሪ ይለያያል።

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። ኮር 2 ዱዎን የሠራው የኢንቴል ሴንሰር፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ያለው ሙቀት መለኪያ፣ ሙቀቱን በቀጥታ አይናገርም። የሚናገረው ከጣሪያው፣ ማለትም ለቺፑ ከተፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት፣ ምን ያህል እንደሚቀረው ነው። ሴንሰሩ "40 ይቀረኛል" ካለ፣ ጣሪያው 100 ነው ያለ ፕሮግራም 60 ብሎ ይጽፋል። ጣሪያውን 85 ያደረገው ደግሞ 45 ይላል። ሴንሰሩ አንድ፣ ስሌቱ ሁለት። በኮር 2 ዘመን ፕሮግራሞቹ ጣሪያውን በግምት ያስገቡ ነበር። አዳዲሶቹ ቺፖች ጣሪያቸውን ራሳቸው ስለሚናገሩ ችግሩ ቀንሷል። ደግሞም እነዚህ ሴንሰሮች በደንብ የሚለኩት ወደ ጣሪያው ሲጠጉ ነው። ማሽኑ ሥራ ፈቶ ሳለ ለሚታየው ቁጥር ብዙ አትጨነቂ።

ጥያቄ፦ ራይዘን 1800ኤክስ ገና ሲከፈት 58 ያሳያል።

አይስጉ ጋሼ። የራይዘን ሠሪው ኤኤምዲ በዚያ ቺፕና በ1700ኤክስ ላይ ሆን ብሎ 20 ዲግሪ ደምሮበታል፤ ለፋን መቆጣጠሪያ ብሎ። እውነተኛው 38 ነው። 2700ኤክስ ላይ ጭማሪው 10 ነው። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ሌላ የመለኪያ ፕሮግራም ከከፈቱ "ቲ-ዳይ" የሚለውን ይመልከቱ፤ ጭማሪው የተቀነሰለት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ባዮስ ላይ ለምን ከፍ ይላል?

ባዮስ ማለት ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ነው፤ እዚያ ውስጥ ፕሮሰሰሩ እንደ ዊንዶውስ አያሸልብም። ስለዚህ ይሞቃል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ብርድ ናት፤ ላፕቶፔ ለምን ይግላል?

ብርዱ ይረዳል። ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ አቧራው። ባለፈው ሳምንት የአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ከፈትኩ። በፋኑና በቀጫጭኖቹ የመዳብ ክንፎች መካከል አቧራው ተጠቅጥቆ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ሆኗል። በወረንጦ ይዤ ሳነሳው ሳይበጠስ ወጣ። ቴርማል ፔስቱም (ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከጽዳቱ በፊት 97 ይደርስ የነበረው፣ በዚያው ሥራ 78 ላይ ቆመ።

ጥያቄ፦ ስንት ሲደርስ ልፍራ?

እንደ ቺፑ ነው። ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ጣሪያቸው 100 ነው። አብዛኛው ራይዘን 7000 ዴስክቶፕ ግን ከባድ ሥራ ላይ 95 ቢነካ ለዚያው የተሠራ ነው። ጣሪያው ጋ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቪዲዮ ስታቀናብር ማሽኑ ድንገት ከተንቀራፈፈ ያኔ ወደ ጽዳት ውሰደው።

ጥያቄ፦ ሦስቱንም ፕሮግራም አንድ ላይ ከፍቼ ላወዳድር?

ተው። አንድን ሴንሰር እኩል ሲሻሙበት የተሳሳተ ቁጥር ሊመጣ ይችላል። አንዱን ዝጋና ሌላውን ክፈት፤ ያንኑ ሥራ ለ10 ደቂቃ አሠራው፣ ከዚያ ጻፈው።