መልስ፦ አንድ ሊትር ጉሉኮስ በስንት ሰዓት ያልቃል?

እህቴ፣ ቡሬ ለተግባር ልምምድ ወጥተው ሳሉ 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደቂቃ 30 ጠብታ ሲወርድ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠይቀዋል። ስሌቱን ለመጨረስ አንድ ቁጥር ይጎድላል፤ እርሱም ፈሳሹን ከከረጢቱ ወደ ደም ሥር የሚያወርደው ቱቦ (“ሴት” የሚባለው) ለአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሚሰጥ የሚገልጸው፣ በማሸጊያው ላይ የታተመው ቁጥር ነው። ለአዋቂ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ 10፣ 15 ወይም 20፣ ለሕፃናት የሚውለው ደግሞ 60 ነው።

ባለ 20 ከሆነ 1000 በ20 ተባዝቶ 20,000 ጠብታ ይሆናል፤ ይህም ለ30 ሲካፈል 667 ደቂቃ ያህል፣ ማለትም 11 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ይወስዳል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተሰቀለ ከረጢት ምሽት 1 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ ያልቃል ማለት ነው።

ሆኖም ታማሚው ክንዱን ባጠፈ ቁጥር ፍጥነቱ ስለሚለዋወጥ፣ አንዴ አስልተው አይተዉት፤ ከረጢቱ ላይ ፕላስተር ለጥፈው በየሰዓቱ የሚደርስበትን ምልክት ያድርጉበት፣ ጠብታውንም ሰዓት ይዘው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ወደ ኋላ ቀርቶ ቢያገኙት ለማካካስ ብለው በራስዎ አያፍጥኑት፤ በተለይ ልብ ሕመም ላለባቸው አረጋውያንና ለሕፃናት፣ በድንገት የበዛ ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ሊጠራቀም ስለሚችል አስቀድመው ኃላፊዎን ያማክሩ።