«ስሟን ቀይሬ ነበር፤ እህቴ ግን ራሷን አወቀች»

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ሴት ነኝ። ታላቅ እህቴ ቤይሩት ለብዙ ዓመታት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቤት በወንድማችን ስም ሆኖ ጠበቃት። እኔም ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት በእሷ ብር ነው። ይህን መነሻ አድርጌ ልብ ወለድ ጻፍኩ። ስሟን ቀየርኩ፣ ቤይሩትን ዱባይ አልኩት። ረቂቁ ሳይታተም እጇ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። እናቴም «ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው» ትለኛለች። ልተወው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ መጽሐፉ ዛሬ አትወስኚ። መጀመሪያ ቅያሜው ይታይ። እህትሽ ሳትታረቅሽ ስለ ረቂቁ ብታነሺባት፣ ይቅርታሽንም ለመጽሐፍሽ ስትይ እንደጠየቅሻት ነው የምትቆጥረው።

ሰው ራሱን የሚያውቀው በስሙ ብቻ አይደለም። በላክሽልን ገጾች ላይ ሴትየዋ ሻንጣዋን ሳትፈታ ሦስት ቀን ትሰነብታለች፤ በተናገረች ቁጥር «ይሁን፣ ለበጎ ነው» ትላለች። የቤታችሁ ሰው ይህን ሲያነብ ከተማው ዱባይ ቢባል ምን ይለውጣል? ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌሊት ወንድሟን ስትረግም የጻፍሽው ነው። እህትሽ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ አንቺ የገመትሽው ነው። ወንድማችሁ ሲያነበው ግን «ለካ እንዲህ ብላ ነግራታለች» ይላል። ባላለችው ነገር ከወንድሟ ጋር ልትጣላ ነው። ለኩርፊያዋ ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለናል።

ስለዚህ ብቻዋን አግኚያት። እናትሽን አታስቀድሚ፣ ሽማግሌም አትላኪ፤ ነገሩ በሰው ፊት በተነሳ ቁጥር እንደገና ገመናዋ ይወጣል። ረቂቁን ይዘሽ አትሂጂ። «ሳልጠይቅሽ ጻፍኩ፤ ያላልሽውን በአፍሽ አስገባሁ፤ ይቅርታ» በያትና ዝም ብለሽ አድምጫት። «ልብ ወለድ እኮ ነው» ወይም «ስምሽን አልጠራሁም» የሚለው መከላከያ ነው፤ ይቅርታውን ያፈርሰዋል። በዚያ ቀን ፈቃድ አትጠይቂ።

ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ልቧ ከተመለሰ፣ እሷን የሚመለከቱትን ገጾች ብቻ አትመሽ ስጫት። መጽሐፉን በሙሉ መስጠት ፍርድ እንድትሰጥ ማስገደድ ነው። «እንዴት ነው?» አትበያት፤ «የትኛው ይውጣ?» በያት። እስክሪብቶ ይዛ ትሰርዝ፣ አንድ ሳምንትም ይኑራት። የሰረዘችውን አትከራከሪ።

አንቺ በበኩልሽ ወረቀት ለሁለት ክፈይ። በአንድ በኩል ስለ ገጸ ባሕሪዋ የጻፍሽውን እያንዳንዱን ነገር፣ በሌላው በኩል ያንን የሚያውቀው ማን እንደሆነ አስፍሪ። ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው ይውጣ። የቀረውን ስትቀይሪ ከሥሩ ቀይሪ፦ ስንተኛ ልጅ እንደሆነች፣ የተመለሰችበት ምክንያት፣ የጠፋባት ንብረት ዓይነት፣ የአነጋገር ልማዷ። ከሁለት ሦስት ሰው የተውጣጣች ስትሆን የራሷን መንገድ ትይዛለች። ከተማ ብቻ መቀየር ግን እህትሽን ሳይሸፍን ታሪኩን ያበላሻል፤ የቤይሩት ኑሮ ዱባይ ላይ ልክ አይመጣም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንንገርሽ። በታሪክሽ ውስጥ ወንድም ጥፋተኛ ነው፣ እናት ዝም ብላለች፤ በዚያ ብር የተማረችው ታናሽ እህት ግን የለችም። ከማንም በላይ የምታውቂው የእሷን ልብ ነው፤ እሱን ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። ተራኪዋን ታናሽ እህት ብታደርጊያት፣ ታላቋ ምን እንዳሰበች መገመቱ ይቀርልሻል።

ይህ ቀላል አይሆንም። ከመጀመርሽ በፊት ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ማንም የማያየውን ጻፊ፤ ስለ ብሩ፣ ስለ ውለታው፣ ስለ ኀፍረቱ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጀምስ ፔንቤከር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ጥናት በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ጽፈሽ እንደጨረስሽ ስሜትሽ ቢከፋ አትደንግጪ፤ በጥናቱም ታይቷል። እንቅልፍ ከነሳሽ ግን አቁሚው። ከእነዚህ ወረቀቶች አንድም ዓረፍተ ነገር ወደ ረቂቁ አታሻግሪ።

ወንድማችሁን በተመለከተ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው በጽሑፍ እንዲጠላ ወይም እንዲናቅ አድርጎ ስሙን ማጉደፍን ይመለከታል። ቤት የቀማው ወንድም የእናንተው መሆኑ የሚታወቅ ከሆነ፣ ማተሚያ ቤት ከመሄድሽ በፊት ጠበቃ ያንብበው።

እህትሽ «ጨርሶ አይሆንም» ካለች የእሷን ክፍል አውጪ። የታናሿ ታሪክ በእጅሽ ይቀራል። ወራት አልፈውም ዝምታዋ ካልተሰበረ፣ እሷ ራሷ የምታምነው ሰው፣ ለምሳሌ አክስታችሁ፣ ብቻዋን ታነጋግራት፤ ስለ መጽሐፉ ግን ምንም አታንሳ።